ከፊትህ ያለው ጎማ፦ ስለ ቡድን ጉዞና ስለ ብስክሌት ቤት የጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለት ነገር ላይ ያተኮሩ ናቸው። ገሚሱ በቡድን ስለመንዳት ይጠይቃል፣ ገሚሱ ደግሞ ስለ ሰፈር ብስክሌት ቤት። መጀመሪያ ለየብቻ ልመልሳቸው አስቤ ነበር። ሳነባቸው ግን አንዱ ከአንዱ አልለይ አለኝ። ከሰው ጎማ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሆናችሁ ስትነዱ የምታምኑት ያንን ሰው ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑን ያስተካከለለትን፣ ቡሎኑን ያጠበቀለትን እጅም ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ላይ አቀረብኳቸው። የራሴንም ስህተት አንድ ሁለት ቦታ ነግሬያችኋለሁ።

«ሁለት ዓመት ብቻዬን ነዳሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በቡድን ሲያልፉ አያለሁ፣ ልቤ አብሯቸው ይሄዳል። እኔ ሜዳ ላይ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምሄደው፤ እነሱ 27 እንሄዳለን ይላሉ። ወደ ኋላ ቀርቼ ሸክም እንዳልሆንባቸው ፈራሁ። ይቻለኛል ትላለህ?» (ፈሪዋ)

ይቻልሻል። ደግሞ «ፈሪዋ» ብለሽ መፈረምሽን አልወደድኩትም፤ ሁለት ዓመት ብቻዋን መንገድ ላይ የወጣች ሰው ፈሪ አትባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ዋናው ባላጋራሽ ነፋሱ ነው። ነፋሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነትሽ እጥፍ ቢሆን ለነፋሱ የምታወጪው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ22 ወደ 27 መውጣት ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፣ ብቻሽን ሆነሽ ብትሞክሪው ግን ለነፋሱ የምትከፍይው እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለዚህ ነው ብቻሽን ስትሞክሪው የሚያቅትሽ። ከሰው ኋላ ተጠግተሽ ስትነጂ ደግሞ ከዚያ ጫና ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይነሳልሻል። ደምረሽ ቀንሰሽ ስታዪው፣ በቡድን ውስጥ 27 መሄድ ብቻሽን 22 ከመሄድ ትንሽ ቢከብድሽ ነው። ትንሽ ያልኩት ከልቤ ነው።

ይህ የግምት ወሬ አይደለም። ቤርት ብሎከን የሚባለው የነፋስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ተጠጋግተው የሚነዱ 121 ብስክሌተኞች ያሉበትን ቡድን መርምሮ ነበር። በመሃልና ወደ ኋላ ተሸሽገው የሚነዱት ላይ የሚያርፈው የነፋስ ጫና፣ ብቻውን በዚያው ፍጥነት የሚሄድ ሰው ላይ ከሚያርፈው ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ትከሻ ለትከሻ የሚነዱ የውድድር ሰዎች ናቸው፣ ያንቺ ሃያ ሰው እንደዚያ አይከልልሽም። ግን አቅጣጫው ያው ነው። ሌላም ልንገርሽ፦ ከፊት የሚጎትተው ሰው ራሱ ከኋላው ሰው በመኖሩ ጥቂት ይቀለዋል። ስለዚህ ሸክም ነኝ የሚለውን ሐሳብ ከዛሬ ጀምሮ ተይው።

ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ወይም ጽፈሽ የምትጠይቂው፦ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ይጠበቃል ወይ? የት የት ላይ ትቆማላችሁ? 27 የምትሉት ሜዳ ላይ ነው ወይስ የጉዞው አማካይ ነው? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል። አማካዩ 27 የሆነ ቡድን ሜዳ ላይ 32 እና 33 ይሄዳል፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ቀን ብዙ ሰው አፍሮ መጨረሻ ላይ ይደበቃል። አንቺ እንዳታደርጊው። መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ነው በጣም የሚደክመው፣ ምክንያቱም ከፊት ያለው በትንሹ ሲቀንስ ኋላ ያለው በብዙ ይቀንሳል፣ ከዚያ ሲፈጥኑ ክፍተቱን ለመዝጋት መሮጥ አለበት፣ ይሄ ደግሞ በየመታጠፊያው ይደገማል። መሃል ግቢ። ለመሪው «ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» በይው። ተራሽ ደርሶ ከፊት ስትወጪ ፍጥነት አትጨምሪ፣ ጉልበትሽን ለማሳየት አትሞክሪ። ሰላሳ ሰከንድ ጎትተሽ ዞር ማለት ይበቃል።

«ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ‹ጎማ አትደርብ!› ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። ምን አጠፋሁ? አልነካሁትም እኮ።» (የተቆጣው)

መጮሁ ደስ አይልም፣ ግን ልክ ነበር። የፊት ጎማህ የፊተኛውን ሰው የኋላ ጎማ አልፎ በጎኑ ገብቷል ማለቱ ነው።

ብስክሌት ሳይወድቅ የሚሄደው የፊት ጎማው በየቅጽበቱ በትንሽ በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚስተካከል ነው። አንተ ሳታውቀው እጅህ ያደርገዋል። የሰውዬው የኋላ ጎማ ያንተን የፊት ጎማ ከጎን ሲነካው ያ ማስተካከል ይቋረጣል። እሱ ትንሽ ቢወዛወዝ ነው፣ ምናልባትም ምንም አይሰማውም። አንተ ግን ትወድቃለህ። ከኋላህ ያሉትም አንተ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ጉድጓድ ሊሸሽ አንድ ስንዝር ዞር ቢል እንኳ እንዳትነካካው፣ ጎማህ ሁልጊዜ ከጎማው ኋላ ይሁን።

እኔ ሰው ጥያለሁ። በሌላ አቅጣጫ ግን ያው ስህተት ነው። ጠዋት ነበር፣ መንገዱ ደረቅ፣ ምንም የሚያስቸግር ነገር የለም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ኮዳዬ ጎንበስ አልኩና ፔዳል መምታት አቆምኩ፣ በሌላው እጄ ደግሞ ፍሬኑን ነካ አደረግኩት። ነካ ነው ያደረግኩት። ከኋላዬ ጎማ ከጎማ ሲፋተግ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የብረት ድምፅ። የወደቀችው ልጅ ክርኗ ተልጦ፣ ጓንቷ መዳፉ ላይ ተቀድዶ፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አንተ ደህና ነህ?» ብላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ የምጠጣው መጨረሻ ላይ ስሆን ወይም ስንቆም ነው።

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በሰከንድ 10 ሜትር ትጓዛለህ። ዓይንህን ለአንድ ሰከንድ ብትነቅል ያን ያህል መንገድ ሳታይ ሄደሃል። ስለዚህ ቡድን ውስጥ የምታደርገው ነገር ሁሉ ከኋላህ ላለው ሰው የሚገመት መሆን አለበት። በድንገት ፍሬን አትያዝ፤ ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን ቀለል አድርገው፣ ወይም ትንሽ ወደ ነፋሱ ወጣ በልና ነፋሱ ይያዝህ። ጉድጓድ ስታይ በጣትህ አሳይ፣ አፍህንም ተጠቀም። ልትቆም ስትል መዳፍህን ከፍተህ ወደ ኋላ አሳይ፣ «ቁም!» በል። የእጅ ምልክት ከቡድን ቡድን ይለያያል፣ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እና ያንን ሰውዬ በሚቀጥለው ሳምንት ፈልገህ አናግረው። የጮኸብህ ፈርቶልህ ይሆናል።

«በቡድን ስነዳ በአንድ ጆሮዬ ብቻ ሙዚቃ ብሰማ ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው። «መኪና ከኋላ!» የሚለውን መስማት አለብህ፣ ከአንተ ኋላ ላለውም ማስተላለፍ አለብህ። ብቻህን ስትሆን ራስህ አስብበት።

«አሮጌ የመንገድ ብስክሌት አለኝ። የኋላ ጎማው አለቀና ከኢንተርኔት በርካሽ ‹700 በ32› የሚል አዘዝኩ። የድሮው ላይ ‹27› ይላል፣ መጠኑ ሲታይ ግን አንድ ነው። ሁለት የጎማ ማውጫ ሰበርኩ፣ ሁለት ካላማዳሪ ቀደድኩ፣ አልገባ አለኝ። ሰፈሬ ወዳለው ብስክሌት ቤት እንዳልወስደው ከእሱ አልገዛሁም፣ አፈርኩ። ምን ላድርግ?» (ጣቴ የቆሰለ)

መጀመሪያ ጎማውን ተወው፣ አይገባም። አንተ ሰንፈህ አይደለም።

የጎማው ጎን ላይ ትልልቁን ቁጥር ሳይሆን ትንሹን ፈልግ። ሁለት ቁጥር በሰረዝ ተለይቶ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 32-622። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። 700 የሚባለው 622 ነው። ያንተ አሮጌ 27 ደግሞ 630 ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ዙሪያውን ስትለካው ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። የጎማው ጠርዝ ውስጥ ደግሞ የማይለጠጥ ሽቦ አለ። በምን ጉልበት ይገባል? እንዲያውም እድለኛ ነህ። ተገላቢጦሹ ቢሆን፣ ማለትም 630 ጎማ 622 ቸርኬ ላይ ብታደርግ፣ በቀላሉ ይገባና ስትነፋው ወይም ቁልቁለት ላይ ሳለህ ይወጣል። «26» በሚለው ስም ደግሞ 559ም አለ፣ 590ም አለ። ስሙ አንድ፣ ጎማው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ማፈርህ እንምጣ። ውሰደው። በሩ ላይ ቆመህ እውነቱን ተናገር፦ «ከሌላ ቦታ ገዛሁ፣ ተሳሳትኩ፣ 630 አለህ ወይ?» በለው። ጥሩ ጠጋኝ ይህን በሳምንት ስንት ጊዜ ይሰማል። የእጅ ዋጋውን ሳትከራከር ክፈል፤ አንድ ሰዓት የእሱ ሥራ ነው፣ ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ሌላ ቦታ የገዛኸውን ዕቃ ይዘህ ሄደህ «ይሄን ግጠምልኝ፣ ግን ቅናሽ አድርግ» ማለት ነው ነውሩ። ይዘህ መሄዱ ራሱ ነውር የለበትም።

ደግሞ እሱ የሚያየው ጎማውን ብቻ አይደለም። ጎማውን ሲያወጣ ቸርኬውን በጣቱ ይዳስሳል፣ ፍሬኑ እየበላው ጎድጉዶ እንደሆነ ያውቃል። ራጂዎቹን ሁለት ሁለቱን ጭብጥ ያደርጋል፣ የላላው በእጁ ይታወቀዋል። አክሱሉን በጣቱ ሲያዞረው ኩሽኔታው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ይነግርሃል።

እኔ አንድ ጊዜ የተበሳ ካላማዳሪ ላስለጥፍ ሄድኩ። ጠጋኙ ጎማውን ከመለሰ በኋላ ብስክሌቱን ወደ ፊቱ ሳበ። የፊት ጎማውን በጉልበቶቹ መሃል ያዘና መሪውን ጠምዘዝ አደረገው። መሪው ዞረ። ጎማው አልዞረም። ዝም ብሎ አየኝ፣ እኔም ዝም ብዬ አየሁት። በማግስቱ ረጅም ቁልቁለት ያለበት የቡድን ጉዞ ነበረኝ፣ ከኋላዬ ስምንት ሰው ይሰለፋል። መሪውን የሚይዙትን ቡሎኖች በመለኪያ ቁልፍ አንድ በአንድ አጠበቃቸው፣ እያፈራረቀ፣ ቁልፉ ቀጭ እስኪል። ብዙ ብስክሌት ላይ እዚያ ቦታ 5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው) ይላል፣ አጠገቡ ተጽፎ ታየዋለህ። ጥንካሬውን በእጅ ግምት የሚያደርግ ሰው ወይ ያላላዋል ወይ ይሰነጥቀዋል። ያን ዕለት ለመሪው ምንም አላስከፈለኝም። ሰውየውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ሰፈሬ ሁለት ብስክሌት ቤት አለ። የትኛው ጥሩ እንደሆነ እንዴት ልወቅ?»

ጠይቃቸው፣ ሲመልሱ እያቸው። «ሰንሰለቴ አልቋል ወይ?» በል። አንዱ አየት አድርጎ «አዎ ቀይረው» ካለህ ተጠራጠር። ሌላው መለኪያ አውጥቶ ከለካ ወይም ማስመሪያ ከያዘ እሱ ጋ ቁም። የሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 24ቱ ሲለኩ አዲስ ሰንሰለት ላይ 304.8 ይሆናሉ። 306.3 ሲደርስ ግማሽ በመቶ ረዝሟል፣ ከኋላ የተደረደሩት ማርሾች 11 ወይም 12 ከሆኑ ያኔ ቀይረው። 10 እና ከዚያ በታች ከሆኑ እስከ 307 ድረስ ትታገሳለህ። ካሳለፍከው ሰንሰለቱ ማርሾቹን እየበላ ይሄድና ሁሉንም አንድ ላይ መግዛት ይመጣል። ይሄን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳህ፣ «ገና ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ና» የሚልህ ሰው ካገኘህ ሌላ አትፈልግ። ገንዘብህን መልሶ እጅህ ላይ ያስቀመጠልህ ሰው ነው።

ሌላ ምልክት፦ የዘይት ፍሬን ካለህ ምን ዓይነት ዘይት እንደሚጨምር ጠይቀው። አንዳንዱ ዶት የሚባለውን ይወስዳል፣ አንዳንዱ ማዕድን ዘይት። ካምታታው ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ይበላሻሉ። ሳያይ የሚመልስ ሰው ጋ ፍሬንህን አትስጥ።

«የአንድ ትንሽ ቡድን መሪ ነኝ። ሁለት ጎበዝ ልጆች አሉን፣ ደጎች ናቸው፣ ግን እነሱ ከፊት ሲወጡ ጉዞው ውድድር ይሆናል። በሦስት ወር አራት ሰው አጣን። እንዴት ልንገራቸው?» (የደከመው መሪ)

አራቱ የቀሩት ሰዎች መጀመሪያ ያሳዝኑኛል። ብዙዎቹ «ሰነፍ ነኝ» ብለው ነው የሚቀሩት፣ ማንም ስላልደወለላቸው። ዛሬ ደውልላቸው።

ልጆቹን ለብቻ አናግራቸው፣ ሥራም ስጣቸው። ጉልበት ላለው ሰው «ቀስ በል» ብቻ ማለት አይሠራም፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይረሳዋል። አንዱን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ የቀረውን ሰው ከነፋስ ከልሎ እንዲመልስ። ይሄ ከፊት ከመጎተት በላይ ይከብዳል፣ ራሱ ይነግርሃል። ሌላው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ይጎትት፣ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው የመጨረሻው ሰው ድምፅ ይሁን።

አቀበት ላይ ሁሉም በራሱ ልክ ይውጣ፣ ጫፍ ላይ ጠብቁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ፦ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ወዲያው አትነሱ። ቀድመው የደረሱት አምስት ደቂቃ አርፈዋል፣ እሱ ግን ገና እግሩን መሬት አስነክቶ ትንፋሹ እንኳ አልተመለሰም። እረፍት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። በየቡድኑ ይሄን አይቻለሁ፣ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ሰው ከበዛላችሁ ደግሞ ለሁለት ተከፈሉ፣ ፈጣንና ረጋ ያለ። መነሻው አንድ ይሁን፣ መድረሻውም አንድ ይሁን።

«ብስክሌት ስጠግን ብዙ ዘመኔ ነው። አሁን ወጣቶቹ ይመጣሉ፣ ቁመታቸውን እለካለሁ፣ ሁለት ሦስት አስሞክራቸዋለሁ፣ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። ከወር በኋላ በካርቶን የመጣ ብስክሌት ይዘው ‹ቶሎ ገጣጥምልን› ይሉኛል። ቤቱን ልዝጋው ወይ እያልኩ ነው።» (አንድ ጠጋኝ)

አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እባክዎ አይዝጉት።

የመለካቱን ሥራ በነፃ መስጠትዎን ያቁሙ። ሰውን ኮርቻ ላይ አስቀምጦ፣ ተረከዙ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግሩ ቀጥ ማለቱን አይቶ፣ የጉልበቱን እጥፋት ለክቶ ማስተካከል እውቀት ነው። የሚከፈልበት ይሁን፤ ከእርስዎ ከገዛ ደግሞ ከዋጋው ይቀነስለት። በግልጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሚቆጣ አይጠፋም፣ ግን አብዛኛው ሰው የተጻፈ ነገር ያከብራል።

በካርቶን የመጣውንም አይመልሱት። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ጎማው ተወዛውዞ ይመጣል፣ ኩሽኔታው ወይ ታንቋል ወይ ላልቷል፣ ፔዳሉን ደግሞ ባለቤቱ ሞክሮት ከሆነ የግራው ጥርስ ወደ ተቃራኒ እንደሚዞር ሳያውቅ አበላሽቶት ይሆናል። «ቶሎ» አይበሉት። ግማሽ ቀን ያስፈልገዋል ይበሉና የግማሽ ቀን ያስከፍሉ። ያ ልጅ መጀመሪያ የቡድን ጉዞው ላይ ፍሬኑ ሲይዝለት እርስዎን ያስታውሳል፣ የሚቀጥለውን ሰንሰለት የሚገዛው ከእርስዎ ነው።

ይሄን ስጽፍልዎ አውሮፕላን ሠርተው ያበረሩት የራይት ወንድማማቾች ትዝ አሉኝ። እነ ዊልበርና ኦርቪል እ.ኤ.አ. በ1892 አሜሪካ፣ ዴይተን ከተማ ውስጥ ብስክሌት ቤት ነው የከፈቱት። በ1903 የበረረችውን አውሮፕላን ሞተር የሠራው ሱቃቸው ውስጥ የሚሠራው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር ነው። ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሮቹ የወሰደውም ሰንሰለትና ጥርስ ነበር፣ እርስዎ በየቀኑ እጅዎ ላይ እንዳለው ያለ። ለሥራዎ ያለኝን ክብር የምገልጽበት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው የነገርኩዎ።

እና አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። በሳምንት አንድ ጠዋት ከደጅዎ የሚነሳ ጉዞ ይጀምሩ። እርስዎ መንዳት የለብዎትም፣ አንድ የሚያምኑት ደንበኛ ይምራው። ከመነሳታቸው ከሩብ ሰዓት በፊት በሩን ይክፈቱ፣ ፖምፓውን ውጭ ያስቀምጡ፣ የየሰዉን ጎማና ፍሬን ነካ ነካ አድርገው ይዩ። የላላ መሪ ያኔ ይገኛል። የሚመለሱትም ወደ እርስዎ ደጅ ነው፣ የተበሳው፣ ሰንሰለቱ የሚንጫጫው፣ ዕቃ የሚፈልገው።

በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ርቀቱን ይጻፉ። «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» የሚለውን በትልቁ። ከላይ የጻፈችልኝ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈልጋ ሁለት ዓመት ብቻዋን ነድታለች፣ በእርስዎም ሰፈር እንደ እሷ ያለች አትጠፋም። ስለዚህ ፍጥነት በሚለው ቦታ 22 ብለው ይጻፉ።